ለወደቀ መውጫ፦ በግቢ ኩሬ ላይ እንጨት ማንሳፈፍ

ግቢው ውስጥ ኩሬ የቆፈረ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያየው ሁሉ ደስ አያሰኝም። ጥግ ይዞ የሞተ ጉርጥ፣ ክንፋቸው ውኃው ላይ የተለጠፈ ንቦች፣ አንዳንዴም መብረር ያልቻለ የወፍ ጫጩት ያገኛል። «ጉርጥ ደግሞ ውኃ ይገድለዋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይገድለዋል። ጉርጥ ካደገ በኋላ የሚተነፍሰው በሳንባ ነው፤ ሲዋኝ ቆይቶ ከደከመውና ወደ ደረቅ የሚወጣበት ካጣ ይሰምጣል። የየብስ ኤሊማ ጭራሽ መዋኘት አትችልም።

ጥፋቱ የውኃው ሳይሆን የጠርዙ ነው። ወንዝና ሐይቅ ቀስ ብሎ የሚጠልቅ ዳር፣ ሣርና የወደቀ ግንድ አላቸው። እኛ የምንሠራው ኩሬ ግን ቀጥ ያለ ሲሚንቶ ነው፤ አለዚያም ጂኦመምብሬን የሚባል ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ጉድጓድ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዝናብ ውኃ ማጠራቀም በየገጠሩ ሲስፋፋ የተቆፈሩትን ኩሬዎች ያየ ሰው ያንን ጥቁር ፕላስቲክ ያውቀዋል፤ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የገባ እንስሳ ጥፍር ቢኖረውም የሚቧጥጠው አያገኝም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ እንጨት። ብዙ ሰው ግን ግንዱን መሐል ላይ ይጥልና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መሐል የሚንሳፈፍ ግንድ ለንብና ለወፍ ማረፊያ ይሆናል፤ ጉርጡን ግን ወደ ዳር አያደርሰውም፤ ቢወጣበትም ተመልሶ ውኃው ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አንድ ጫፉ ዳር ላይ የተደገፈ፣ ሌላው ጫፉ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ተዳፋት እንጨት ነው። ልሙጥ ጣውላ አይሁን፤ ቅርፊቱ ያልተላጠ ይሻላል፤ ትንሿ እንቁራሪት እግሯን የምትተክለው ስንጥቁ ላይ ነውና።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ትንሽ እንቆይ። ደረቅ እንጨት የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለ ነው፤ ያ አየር ቀስ በቀስ በውኃ ሲተካ ይሰጥማል። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የሚሠሩበት ደንገል ውኃ ሲጠጣ ታንኳው ስለሚከብድ ያደርቁታል፣ ሲያረጅም በአዲስ ይለውጡታል። ደርቆ የወደቀ የዋንዛ ወይም የሾላ ቅርንጫፍ ቀላል ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ለዚህ ብሎ ዛፍ መቁረጥ ግን አያስፈልግም። ቀርቀሃም ጥሩ ነው፤ ሆኖም የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን የቆላው ሽመል ድፍን ወደ መሆኑ ያደላል፤ ስለዚህ የሚንሳፈፍ የፈለገ ሰው የደጋውን ይውሰድ። ሲቆርጥም ልክ አንጓው ላይ ይቁረጠው። ከአንጓው አልፎ ከተቆረጠ ጫፉ ኩባያ ይሆንና ዝናብ ይይዛል፤ ትንኝም ዕንቁላሏን የምትጥልበት ታገኛለች።

አሁን ደግሞ እንጨቱ ወደ ውኃው ሊለቀው ወደሚችለው መርዝ። አገራችን ዓሣን በዛፍ የማደንዘዝ የቆየ ልማድ ያላት ናት። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ውኃ ላይ የሚበትኑ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ስለዚህ ብርብራ ኩሬ አጠገብም አይድረስ። እንዶድም እንደዚሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ለቢልሃርዚያ መከላከያ የታሰበው ይህ ኃይል ዓሣንም ይጎዳል። ነጭ ወተት የሚያወጡት ቁልቋልና ቅንጭብም ይቅሩ። ጽድን ምስጥ የማይደፍረው በውስጡ ባለው ዘይት ነው፤ ለአጥር ያስመሰገነው ጠባይ ለትንሽ ኩሬ አይበጅም። እርጥብ ባሕር ዛፍም ከቅጠሉና ከቅርፊቱ የሚወጣው ጭማቂ በተዘጋ ውኃ ውስጥ ጉዳት አለው።

ከዛፉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሰው የቀባው ነው። አሮጌ የአጥር እንጨት በአብዛኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጥቷል። የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ደግሞ በክሪዮሶት ወይም መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ይችላል። እንቁራሪት ውኃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለውን ሁሉ አብራ ትወስዳለች። ስለዚህ ምንነቱን የማያውቁትን እንጨት ለማገዶ ይተዉት እንዳልል፣ የተነከረ እንጨት ሲነድ ጭሱም መርዝ ነው። ብቻ ኩሬው ውስጥ አያስገቡት።

የመረጡትን እንጨት መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ጥቂት ቀን ይንከሩት። ውኃው ፈዘዝ ያለ የሻይ ቀለም ቢይዝ አያስደነግጥም። ላዩ ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ወይም ከሸተተ እንጨቱ ይጣል። ከጣና ዳር ወይም ከሌላ ውኃ የወጣ እንጨትም አያምጡ፤ የእምቦጭ ቁራጭ ወይም ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ተጣብቆበት ሊመጣ ይችላል።

ሲያስሩት የዳሩን ጫፍ ከችካል ጋር በወፍራም የቃጫ ገመድ ይሰሩት። ቀጭን ናይለንና ሽቦ የወፍ እግር ይጠላልፋሉ። ገመዱ ላላ ይበል፤ ኩሬው ነሐሴ ላይ ሞልቶ ሚያዝያ ላይ ሲጎድል እንጨቱ አብሮት መውረድ አለበት። ተወጥሮ የታሰረ እንጨት በበጋ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሹል ቅርንጫፉን በመጋዝ ቆርጠው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ከፕላስቲኩ ጋር የሚነካካውን ደግሞ በጎማ ቁራጭ ይጠቅልሉት።

አያብዙት። እንጨትና ቅጠል ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይወስዳል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው። እንጨቱ የሚሸፍነው ከኩሬው ገጽ ሩቡን ባያልፍ ጥሩ ነው።

ከዚያ እንግዶቹ ይመጣሉ። ንቦች እርጥቡ ቅርፊት ላይ ቆመው ይጠጣሉ። በውኃው ላይ እየበረሩ ትንኝ የሚያድኑት ባለ አራት ክንፍ፣ ረጅም ጭራ ነፍሳት ልጅነታቸውን የሚያሳልፉት ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲደርሱ እንጨቱን ይዘው ይወጡና ቆዳቸውን ገፍፈው ይበራሉ። እንጨቱን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ጀርባው የተሰነጠቀ፣ እግሮቹ ሳይቀሩ ቅርፊቱን እንደጨበጡ የደረቁ ቡናማ ገለፈት ያገኛል።

አንድ ነገር ግን ይታሰብበት። ለጉርጥ መውጫ የሆነው ያው እንጨት ለሕፃን ልጅ ድልድይ መስሎ ይታየዋል፤ ሲረግጠውም ይገለበጣል። በግቢው ልጅ ካለ፣ የጎረቤት ልጅም ቢሆን፣ እባክዎ ከእንጨቱ በፊት አጥሩን ይሥሩ።