በቶሮንቶ ዝናብ ያልተሰጠው ውሳኔ

ሐምሌ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. ከፓሪስ የተነሳ የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ340 አውሮፕላን 309 ሰዎችን ይዞ ቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ጊዜው ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሯል፤ መብረቁ ስላየለ የምድር ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል። የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት የነካው የመንደርደሪያውን 1,160 ሜትር ያህል ካለፈ በኋላ ነበር። መንደርደሪያው በጠቅላላው 2,743 ሜትር ነው፤ ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ የቀረው ርቀት አልበቃም። አውሮፕላኑ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ጫፉን ጥሶ ወጣና 300 ሜትር ያህል ርቆ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ወዲያው በእሳት ተያያዘ። ከተሳፋሪዎቹም ከሠራተኞቹም አንድም ሰው አልሞተም።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በማግስቱ የሚነገረው «መጥፎ የአየር ጠባይ» ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2000 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት የሚያሳየው አንዱ ጥፋት ብቻውን ትልቅ ያልሆነበትን ሰንሰለት ነው። አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ሲቃረብ ነፋሱ ዞሮ ከኋላ ይገፋው ጀመር። ከትክክለኛው የመውረጃ መስመር 40 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ የመንደርደሪያውን መግቢያ አለፈ። በዶፉና በመብረቁ ብልጭታ የተነሳ አብራሪዎቹ መንደርደሪያውን በቅጡ ማየት አቃታቸው፤ አውሮፕላኑም ሳያርፍ እየተንሳፈፈ ርቀቱን በላው። ካረፈ በኋላ ደግሞ የሞተሮቹን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ ፍጥነት የሚቀንሰው መሣሪያ ሙሉ ኃይሉን የሰጠው ከ16 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ብሬክ ብቻውን አይታመንም፤ ጎማው የሚቆነጥጠው ነገር ያጣል።

ከሪፖርቱ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ ግን አንድ ግኝት ነው፦ አብራሪዎቹ መንደርደሪያው አጠገብ ሲደርሱ፣ ማረፉን ትቶ ዳግም የመነሳት ምርጫ ከእንግዲህ የለም ብለው አምነው ነበር። እንግዲህ ዝናቡ ያደረገው የስሕተትን ቦታ ማጥበብ ነው፤ አውሮፕላኑን ከጫፉ ያሳለፈው ግን በጠበበው ቦታ ላይ ለማረፍ የተገባው ቁርጠኝነት ነው። ይህ የሁለት ሰዎች ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባበቃ ነበር። የበረራ ደኅንነት ፋውንዴሽን ያደረገው ጥናት እንዳሳየው ደንቡ በሚጠይቀው ልክ ካልተረጋጉ አወራረዶች መካከል አብራሪዎቹ ትተው ዳግም የሚነሱት ከመቶ ወደ ሦስቱ ብቻ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ በሰላም ያርፋሉ፤ ችግሩም ያ ነው። ያለ አደጋ ያለፈ ጥሰት ሁሉ ለቀጣዩ ድፍረት ይሰጣል፤ በቶሮንቶም ከፊታቸው ያረፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። «እነሱ ካረፉ እኛስ?» ማለት ሰው ሁሉ የሚያስበው ነው።

«ዳግም መነሳትስ መቼ አደጋ የለውም?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። መጋቢት 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የፍላይዱባይ ቦይንግ 737 በሩሲያዋ ሮስቶቭ ከተማ ለማረፍ ሞክሮ ተወ፤ ሁለት ሰዓት ያህል አየር ላይ ጠብቆ እንደገና ሞከረ፤ ሁለተኛውንም ትቶ ሲነሳ ወድቆ 62 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ይህ ግን ለማረፍ የሚሟገት ማስረጃ አይመስለኝም። የሚያስረዳው ዳግም መነሳት አዘውትሮ ካልተለማመዱት፣ በተለይ በድካምና በጨለማ፣ እንደሚከብድ ነው። መፍትሔው ልምምዱን ማብዛትና ሁለተኛ ሙከራን ሳይሆን ሌላ አውሮፕላን ማረፊያን ቶሎ መምረጥ ነው። ነዳጅም ሰበብ ሊሆን አይገባም፤ የመንገደኛ ጄት ከመነሳቱ በፊት ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውን ከነመጠባበቂያው እንዲይዝ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሰው ምንጊዜም ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከአብራሪው ይልቅ መሬቱን አስተካክሉ የሚል። ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። በፒርሰን ከመንደርደሪያው ጫፍ በኋላ ያለው 150 ሜትር በጊዜው የነበረውን ደንብ ያሟላ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሸለቆ ነው፤ ቦርዱም 300 ሜትር ሜዳ ወይም ተመጣጣኝ ማቆሚያ እንዲኖር ያሳሰበው ይህንን አይቶ ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በኒውዮርክ ላጓርዲያ የያኔው የምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ማይክ ፔንስ የተሳፈሩበት ቦይንግ 737 በዝናብ ሲያርፍ ከመንደርደሪያው አለፈ፤ ከጫፉ በኋላ በተነጠፈው፣ ጎማ ሲረግጠው በሚፈረፈር ልዩ ንጣፍ ጥግ ላይ አልፎ ከጎኑ ቆመ፤ ማንም አልተጎዳም። ንጣፉ ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ውሳኔው ከተበላሸ በኋላ ነው። ዙሪያው ከተማ ወይም ውሃ በሆነበት ስፍራ ሁሉም ማረፊያ 300 ሜትር አያገኝም፤ ውሳኔውን ግን የትም ቦታ በጊዜ መስጠት ይቻላል።

ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደዚያው ፒርሰን ይበራል፤ ይህን የሚያነብ ሰው እዚያ ያረፈ ወይም ዘመድ የተቀበለ ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪው በመሪው ላይ ድርሻ ባይኖረውም ግፊት በመፍጠሩ በኩል ድርሻ አለው። አየር መንገዶች መዘግየትን የሚፈሩት እኛ ስለምንማረር ነው። በቶሮንቶው አደጋ ደግሞ አስተናጋጆቹ ተዉት እያሉ፣ ከተሳፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሚነድ አውሮፕላን የወጡት የእጅ ሻንጣቸውን ይዘው ነው። መሬት ሊነካ ሲል ሞተሩ ጮኾ አውሮፕላኑ እንደገና ወደ ላይ ካቀና፣ አብራሪው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነውና አታጉረምርሙ፤ ውጡ ከተባላችሁም ሻንጣውን ተዉት።