የእንጨት ዕቃ ቤት

የእንጨት ዕቃ ቤት በግቢ ወይም በአትክልት ቦታ ጥግ የሚሠራ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ዘርና ልዩ ልዩ መሣሪያ የሚቀመጥበት ትንሽ ቤት ነው። በብሪታንያና በሌሎች ዝናባማ የአውሮፓ አገሮች በጣም የተለመደ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከታከመ እንጨት ይሠራል። የታከመ እንጨት የሚባለው ከመበስበስና ከነፍሳት እንዲጠበቅ መከላከያ ኬሚካል እንዲመጥ የተደረገ እንጨት ነው። የቤቱ ዕድሜ ግን በኬሚካሉ ብቻ አይወሰንም፤ ውሃ በእንጨቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜም ትልቅ ድርሻ አለው።

የመበስበስ ምክንያት

እንጨት ስላረጀ ብቻ አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የግብፁ ንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ የነበሩ የእንጨት ዕቃዎች ከ3000 ዓመት በላይ ቆይተዋል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሲሆን፣ ለማደግ ውሃ፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። በጥቅሉ የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገስ አያድግበትም። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ የሚበላሹት መሬት የሚነካው የቋሚ እግር፣ የወለሉ ሥርና የጣውላው ጫፍ ናቸው። የጣውላ ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ውሃን እጅግ ፈጥኖ ይመጣል።

የማከሚያ ዘዴ

እ.ኤ.አ. በ1838 ጆን ቤተል የተባለ እንግሊዛዊ ክሪዮሶትን በግፊት ወደ እንጨት የማስገቢያ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። ዘዴው በመጀመሪያ በሰፊው የተሠራበት ለባቡር ሐዲድ እንጨቶች ነበር። እንጨቱ በተዘጋ የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ አየሩ ይሳባል፤ ከዚያ ፈሳሹ በከፍተኛ ግፊት ይለቀቃል። በግንዱ ዙሪያ ያለው ነጣ ያለ ክፍል ፈሳሹን በደንብ ይመጣል፤ መሐሉ ግን በአብዛኛው አያስገባውም። በመጥለቅ ወይም በብሩሽ በመቀባት የሚደረገው ሕክምና ከላይ ብቻ ስለሚቀር ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት።

አመራረጥ

በአውሮፓ ደረጃ እንጨት እንደሚውልበት ቦታ ከ1 እስከ 5 ይመደባል። ከመሬት በላይ ሆኖ ዝናብ ለሚያገኘው ግድግዳ 3ኛው፣ አፈር ለሚነካው ቋሚና ለወለሉ ሥር ደግሞ 4ኛው ምድብ ይመረጣል። አረንጓዴ መልክ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ የቀለም ውጤት ሊሆን ይችላል። ምድቡ የተጻፈበትን ምልክት ማየት የተሻለ ነው። የታከመ ጣውላ ሲቆረጥ ያልታከመው ውስጡ ስለሚገለጥ፣ የተቆረጠው ጫፍ እንደገና መከላከያ መቀባት አለበት።

አሠራርና እንክብካቤ

ወለሉ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ አየር እንዲዘዋወር ሆኖ ይሠራል። ሰፊ የጣሪያ ክፈፍና አሸንዳ ዝናቡን ከግድግዳ ያርቃሉ። መዳብ ያለባቸው መከላከያዎች ተራ ሚስማርን ስለሚያዝጉ፣ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ሚስማር ያስፈልጋል። ከዝናብ ወቅት በፊት አሸንዳው ይጠረጋል፤ ግድግዳውን የተጠጋ አፈርና ቅጠል ይነሣል። የቋሚዎቹ እግር በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። እርጥብ እንጨትን ቀለም መቀባት ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መድረቅ አለበት።

የጤና ጥንቃቄ

ለብዙ ዓመታት ይሠራበት የነበረው መከላከያ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሰኒክ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ለመኖሪያ ቤት ሥራ መዋሉ ቀርቶ፣ አርሰኒክ የሌላቸው የመዳብ ውሁዶች ተተክተዋል። በአሮጌ ጣውላ ውስጥ ግን አርሰኒኩ አሁንም አለ። እንዲህ ያለ እንጨት ሲቃጠል ጭሱም አመዱም መርዛማ ነው፤ ስለዚህ የታከመ ቁራጭ ለማገዶ፣ ለምግብ ማብሰያ ወይም ለእንስሳት ጉዝጓዝ መዋል የለበትም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መከላከያ ሳይቀባ ምስጥንና መበስበስን በመቋቋም የታወቁት ጥድና ወይራ ናቸው፤ ይህን ጥንካሬ የሚሰጣቸው የግንዳቸው መሐል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም፣ ወጣቱ አጣና አፈር ውስጥ ሲቀበር ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። በአንጻሩ ውጫዊ ክፍሉ መከላከያውን ስለሚመጥ፣ ታክሞ ለመብራትና ለስልክ ምሰሶ ያገለግላል። በየቤቱ የተለመደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከእንጨቱ ላይኛው ገጽ ብዙም አያልፍም፤ አፈርንና የጓሮ አትክልትንም ይበክላል። የቋሚውን እግር ከአፈር አንሥቶ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ያለ ምንም ኬሚካል ዕድሜውን ያረዝማል።