አርብቶ አደሩ፣ የረጋ ዘይትና የከተሜው ልብ



በጅግጅጋ ስለ ስብና ስለ ልብ ሕመም ንግግር ሲከፈት፣ አያቶቻችን ወተትና ሱባግ፣ ማለትም የነጠረ ቅቤ፣ ጠግበው ኖረው ሳለ ዛሬ ቅቤ እንዴት ጠላት ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በሶማሊያ በወተት ብቻ የሚኖሩ አርብቶ አደሮችን መርምሮ የደማቸውን ኮሌስትሮል ዝቅተኛ፣ ልባቸውንም ጤናማ ሆኖ አግኝቶታል።

ሆኖም ጥናቱ ስቡን ከኑሮው ነጥሎ አልመዘነም። እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከግመሎቻቸው ኋላ ይጓዙ ነበር፤ በድርቅ ወራትም ወተቱ ይነጥፋል። ወተትና ሥጋ በሚመገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ማሳዮች ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆርጅ ማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ የ50 ሟች ወንዶችን የደም ቧንቧ መርምረው፣ በግድግዳው ላይ ስብ በስፋት ተከማችቶ አገኙ፤ ነገር ግን ቧንቧዎቹ ከዕድሜ ጋር ሰፍተው ስለ ነበር ደሙ አልታገደም። እንደ እኔ ግምት ያዳናቸው ቅቤው ሳይሆን እግራቸው ነው። ከተሜው ቅቤውን ወርሷል፤ ጉዞውን ግን አልወረሰም።

ጉበት ኤል.ዲ.ኤል. የተባለውን የኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም የሚለቅመው በላዩ ባሉት ተቀባዮች ነው። ጎልድስቲንና ብራውን የኮሌስትሮልን ሥርዐት በዚህ መንገድ በመግለጣቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የጠገበ ስብ የእነዚህን ተቀባዮች ሥራ ያዳክማል፤ ያልተለቀመው ኤል.ዲ.ኤል. በደም ውስጥ ቆይቶ ወደ ቧንቧው ግድግዳ ይሰርጋል። ስለዚህ የደማችንን ኮሌስትሮል ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው በምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን የጠገበው ስብ ነው።

በዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ ስናይ ልናስታውሰው የሚገባን ይህንኑ ነው። ጽሑፉ እውነት ነው፤ ግን ማንኛውም የአትክልት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ ነው፤ የነጠረ ቅቤ 60 በመቶ ገደማ፣ የሰሊጥ ዘይት ደግሞ 15 በመቶ ገደማ አለው። እንግዲህ ሱባጉን ትቶ ወደ ፓልም የዞረ ቤተሰብ ብዙ መንገድ አልሄደም። አገራችን ሰሊጧን ወደ ውጭ እየላከች ፓልም ማስገባቷም የሚያስገርም ነው።

የሰሊጥ ዘይት ዋጋ የማይቻለው ቤተሰብ፣ ሩዙና ፓስታው የሚሠራበትን የረጋ ዘይት መጠን ይቀንስ፤ ከተበሰለ በኋላም ሱባግ አይድገምበት።