የፕላዝማ ችሎት

የፕላዝማ ችሎት ዳኞች በአንድ ከተማ፣ ተከራካሪዎች ደግሞ በሌላ ከተማ ሆነው በቪዲዮ መስመር እየተያዩ የሚከራከሩበት የፍርድ ቤት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከክልሎች የሚመጡ ጉዳዮችን ለመስማት ሲጠቀምበት ቆይቷል። ጥቅሙም ሆነ ገደቡ ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ እንደ ጅግጅጋ ባሉ ከተሞች ጎልቶ ይታያል።

ስያሜ

«ፕላዝማ» የሚለው ስም ድምፅና ምስል ከሚታይበት ሰፊ የቴሌቪዥን ስክሪን የመጣ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሰዎች ስሙን ከክፍላቸው ያውቁታል።

ያስፈለገበት ምክንያት

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ክልሎች የራሳቸው የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች አሏቸው። ሆኖም አንቀጽ 80 መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የማየት ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣል። ስለዚህ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ የተጀመረ ክርክር አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል።

ከጅግጅጋ አዲስ አበባ በመንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለጉዳዩ ለአንድ ቀጠሮ የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ያወጣል፤ ሥራውን ወይም ከብቶቹን ትቶ ይሄዳል። ቀጠሮው ሲተላለፍ ወጪው ይደገማል። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ የመንገዱን ወጪ መሸፈን ያልቻለ ሰው ክርክሩን ሳይጨርስ ሊተወው ይችላል።

ርቀቱን ለመቀነስ ሌላም እርምጃ ተወስዷል። በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሶማሌ፣ በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በደቡብ ክልሎች እንዲቋቋም ተደንግጓል። ይህ ዳኛውን ወደ ባለጉዳዩ ሲያቀርብ፣ የፕላዝማ ችሎት ግን ምስሉንና ድምፁን ያቀርባል።

አሠራር

ባለጉዳዩ በአቅራቢያው ባለ ፍርድ ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደተዘጋጀ ክፍል ይገባል። በክፍሉ ካሜራ፣ ማይክሮፎንና ስክሪን አለ። መስመሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔት ወይም ሌላ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በቻይና ሃንጆው ከተማ ከተከፈተው የኢንተርኔት ፍርድ ቤት ይለያል። እዚያ ሰው ክሱን ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ማቅረብና መከራከር ይችላል። በፕላዝማ ችሎት ግን ባለጉዳዩ ስማርት ስልክም ሆነ የኢንተርኔት ዕውቀት አያስፈልገውም፤ መሣሪያውን የሚያዘጋጀው መንግሥት ነው። አርብቶ አደር በሚበዛበት አካባቢ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ገደቦች

ቋንቋ፦ የሶማሌ ክልል የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ ሲሆን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአማርኛ ነው። በሶማሊኛ የተጻፈ መዝገብ መተርጎም አለበት፤ በችሎትም አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ድምፁ በሚቆራረጥ መስመር ላይ ግን ጎበዝ አስተርጓሚም ይቸገራል።

መስመር፦ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ችሎቱ ይቋረጣል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋ ግጭት በተነሣ ጊዜ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በአንድ መስመር ላይ ብቻ የተመሠረተ ችሎት እንዲህ ባለው ጊዜ ይዘጋል።

ማስረጃ፦ ይግባኝና ሰበር በአብዛኛው በመዝገብና በሕግ ክርክር ላይ ስለሚያተኩሩ ለቪዲዮ ይመቻሉ። ምስክር ሲሰማ ግን አጠገቡ ማን እንዳለ ማረጋገጥ፣ ዋናውን ሰነድ መመርመር፣ ጠበቃና ደንበኛም በምስጢር እንዲነጋገሩ ማድረግ ይከብዳል።

ከመደበኛው ፍርድ ቤት ውጭ

በሶማሌ ክልል ብዙ ጠብ የሚፈታው በሽማግሌዎች፣ ሔር በሚባለው ባህላዊ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም አሉ። እነዚህ ዳኝነቶች ቀድሞውንም በሰዉ ቋንቋና በሰፈሩ ስለሚካሄዱ የርቀት ችግር እምብዛም የለባቸውም። የፕላዝማ ችሎት የሚጠቅመው ጉዳዩን ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ለወሰደ ሰው ነው፤ መንገዱን ቢያሳጥርለትም የትርጉሙና የመስመሩ ጥራት ካልተሟላ ክርክሩን በእኩልነት ማሰማት አይችልም።