የክፍል ማስታወሻ አያያዝ

ከስምንተኛ ክፍል ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚሸጋገር ተማሪ አንድ ትልቅ ለውጥ ይጠብቀዋል። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በአንጋጫ የምትማሩ ተማሪዎች ይህን ለውጥ በሚገባ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ የምትነጋገሩት በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ነው፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ትሰማላችሁ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ከቋንቋ ትምህርቶች በስተቀር ሌሎቹ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ በሦስተኛው ቋንቋ ያስረዳል፤ ተማሪው በመጀመሪያው ቋንቋ ያስባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ደብተር ነው። ደብተሩ ምን እንደ ያዘ በእርግጥ የሚታወቀው ግን ፈተና ሲደርስ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ተሰጥተዋል፤ ሁሉንም በማስታወሻ አያያዝ ላይ ማላከክ አይገባም። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ ምክንያቶች መካከል ተማሪው በራሱ እጅ ሊያስተካክለው የሚችለው አንዱ ይኸው ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ማስታወሻ መያዝ ማለት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል መገልበጥ ማለት ሆኖ ቆይቷል። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። የመማሪያ መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት ተማሪዎች አንድ ብቻ ሲደርስ ደብተሩ የመጽሐፉን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ መምህሩ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። መገልበጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን እጅ እየጻፈ ጆሮ ሊተኛ እንደሚችል ልብ በሉ። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በተጀመረ ጊዜ ይህ ችግር ጎልቶ ታየ። በመስኮቱ ላይ የሚታየው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ «አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም፤ ጽሑፉም ተገልብጦ ሳያልቅ ከመስኮቱ ይጠፋል። መገልበጥን ብቻ የለመደ ተማሪ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይቀር ነበር።

ሰው ሲናገር በደቂቃ ከመቶ ቃላት በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ በእጁ የሚጽፍ ግን በዚያው ደቂቃ ከሃያና ከሠላሳ ቃላት እምብዛም አያልፍም። ይህን ለማረጋገጥ አንዱ ተማሪ ከመጽሐፍ እያነበበ ሌላው ለአንድ ደቂቃ ይጻፍ፤ ከዚያም የተነበበውንና የተጻፈውን ቍጠሩ። ይህን ያህል ልዩነት በእጅ ፍጥነት ሊሞላ አይችልም። ጸሐፊው የግድ ሊመርጥ ይገባዋል። እንግዲህ ማስታወሻ ስንል ከተነገረው ውስጥ ተመርጦ በራስ አነጋገር አጥሮ የተጻፈውን ፍሬ ነገር ማለታችን ነው።

መምረጥ ደግሞ የሰዋስው ዕውቀት ይጠይቃል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱን አስቀድሞ፣ ተሳቢውን አስከትሎ፣ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ ያመጣል። ሀዲይኛና ከምባትኛም ግሳቸውን በመጨረሻ የሚያስቀምጡ ቋንቋዎች ናቸው። መምህሩ በአማርኛ ሲያብራራ «እንሰት ምንም እንኳ ከሙዝ ጋር ቢመሳሰልም፣ እንደ ሙዝ ለፍሬው ተብሎ የሚተከል ተክል አይደለም» አለ እንበል። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የሚጽፍ ተማሪ «እንሰት እንደ ሙዝ ለፍሬው የሚተከል ተክል» ብሎ ሳይጨርስ መምህሩ ወደ ሌላ ነጥብ ያልፋል። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ ዳሩ ግን የጠቅላላውን ሐሳብ ፍቺ የያዘችው እርሷ ነበረች። ተማሪው በፈተናው ላይ መምህሩ ያለውን ተቃራኒ ጽፎ፣ «መምህሩ ያስተማሩን እንዲህ ነው» ብሎ በቅን ልቡና ይከራከራል። ስለዚህ በአማርኛ ገለጻ ጊዜ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪሰማ ድረስ እጃችሁን ግቱ። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ግሱንና አፍራሽ ቃሉን ቀድሞ ስለሚያሰማ ለመጻፍ ቶሎ መነሣት ይቻላል፤ በዚያ ቋንቋ ጥንቃቄ የሚያሻው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ለሚመጡት «በስተቀር» እና «ካልሆነ» የሚል ፍቺ ላላቸው ቃላት ነው።

አሁን አንድ ገለጻ እንውሰድ። የግብርና መምህር እንዲህ ይላሉ፦

«እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅል፣ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ተክል ነው። ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት እንደሚመገብ ይገመታል። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሲደርስ ግንዱ ይፋቃል፤ የተፋቀው በቅጠሉ ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከሚወጣው ፈሳሽ የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ይባላል። ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ ተቀቅሎ ሲበላ አምቾ ነው። እንሰት ድርቅን ስለሚቋቋምና የመከር ወቅት ሳይጠበቅ ሊነቀል ስለሚችል በእህል እጥረት ጊዜ ቤተሰብን ይታደጋል።»

አንደኛው ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሳያጓድል ጻፈ፤ ሦስተኛውን ሲጀምር ገለጻው አለቀ። ሁለተኛው ተማሪ የጻፈው ይህን ነው፦

እንሰት = ደቡብና ደ/ምዕራብ፤ ብዙ ዓመት ይቆያል
20 ሚ. ሕዝብ (ግምት)
ለምግብ ለመድረስ 4–7 ዓመት (ከፍታ፣ ዝርያ)
ቆጮ = የተፋቀው ሲብላላ፤ ቡላ = የፈሳሹ ዝቃጭ፤ አምቾ = ከመሬት በታች፣ ቅቅል
በችግር ጊዜ ለምን? 1. ድርቅ ይችላል 2. ወቅት አይጠብቅም

ከእነዚህ መስመሮች ተነሥቶ ገለጻውን መልሶ መናገር ይቻላል። የመጨረሻው መስመር በጥያቄ መጀመሩንም ተመልከቱ፤ መምህሩ «ስለሚቋቋም»፣ «ስለሚችል» ሲሉ ምክንያት እየሰጡ መሆናቸውን ተማሪው ተረድቷል። ሦስተኛ ተማሪ ቢኖርና የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጅ ቢሆን፣ ከዚህም አሳጥሮ ሊጽፍ ይችል ነበር። ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከእናቱ ጓሮ ያየ ልጅ ያንን ለመጻፍ ቀለም አይፈጅም፤ የሚጽፈው ያላወቀውን፣ ምናልባትም የሕዝቡን ቍጥር ነው። በጎንደር ወይም በደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ ግን አምቾ የሚለውን ቃል ከነፍቺው መያዝ ያስፈልገዋል። ከዚህ የተነሣ የሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ማስታወሻ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

አማርኛ ለማሳጠር የተመቸ ልማድ አለው። ትምህርት ቤት «ት/ቤት»፣ ፍርድ ቤት «ፍ/ቤት»፣ ወይዘሮ «ወ/ሮ»፣ ዓመተ ምሕረት «ዓ.ም.» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። እናንተም በዚሁ መንገድ ሥነ ሕይወትን «ሥ/ሕይወት» ብትሉ ነውር የለበትም። ሆኖም «ም/ት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምክንያት ማለቱ ይሁን ምልክት ማለቱ ይጠፋዋል። ስለዚህ ለአንድ ፍቺ አንድ ምሕጻረ ቃል ብቻ ምረጡ፤ ዝርዝሩንም በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ አስፍሩት። የእንግሊዝኛ የሙያ ቃላት ግን በፈተና የሚመጡት እንዳሉ ስለ ሆነ ሙሉ ፊደላቸውን ጠብቀው ይጻፉ። ፍቺያቸውን በአማርኛ፣ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ከጎን ብታደርጉት የሚከለክላችሁ የለም፤ ቶሎ የሚገባችሁ በየትኛው እንደ ሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስለ ገጹ አከፋፈል በብዙ አገሮች የታወቀው ዘዴ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ፖክ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ አጠናን ባሳተመው መጽሐፍ የተስፋፋው ነው። ገጹ በቁመት በአንድ መስመር ይከፈላል። በስተቀኝ ያለው ሰፊው ክፍል በክፍል ውስጥ ለሚጻፈው ነው፤ በስተግራ ያለው ጠባቡ ለጊዜው ባዶ ይተዋል፤ ከግርጌም ጥቂት መስመሮች ይቀራሉ። ለእኛ ደብተር በስተግራ አራት ጣት፣ ከግርጌ አምስት መስመር ይበቃል። ለአገራችንም ኅዳግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎች በጽሑፉ ዙሪያ ሰፊ ኅዳግ ይተዉ ነበር፤ ከኋላ የመጣ አንባቢም እርማቱንና ማስታወሻውን ያሰፍርበት ነበር። ደብተር በተወደደበት ጊዜ ባዶ ቦታ መተው ብክነት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ተጨናንቆ ተጽፎ ዳግመኛ ያልተነበበ ገጽ ከዚያ የበለጠ ይባክናል።

ባዶው ኅዳግ የሚሞላው በዚያው ቀን ማታ ነው። በስተቀኝ ለተጻፈው ለእያንዳንዱ ነጥብ በስተግራ አንድ አጭር ጥያቄ ጻፉ፤ «ቡላ ከምን ይገኛል?» እንደ ማለት ነው። ከግርጌ ደግሞ የገጹን ሐሳብ በሁለት ዐረፍተ ነገር አጠቃልሉ። ከዚያ በኋላ የቀኙን ክፍል በወረቀት ሸፍናችሁ ጥያቄዎቹን ድምፃችሁን አሰምታችሁ መልሱ። ከገጠር ቀበሌ መጥታችሁ በሆሳዕና ቤት ተከራይታችሁ በአንድነት የምትኖሩ ከሆነ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መላሽ ይሁን። መብራት ቢጠፋም ይህ ዓይነቱ ጥናት አይቋረጥም።

«ማታውኑ» ማለታችን ያለ ነገር አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ የጀርመን ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እያጠና የራሱን የማስታወስ ኀይል ከመረመረ በኋላ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጥናቱ ፍሬ ከግማሽ በላይ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጠፍቶ አገኘው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መርሳቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ትርጉም ያለው ትምህርት እንዲህ በፍጥነት እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። ሆኖም ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመሆኑ ቅዳሜን የሚጠብቅ ተማሪ የሰኞን ትምህርት ከሥሩ ለመጀመር ይገደዳል። ሰሌዳውን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም በቅርቡ የመጣ ልማድ ነው፤ ሥዕላዊ መግለጫ ለመያዝ ይጠቅማል፤ ሌላውን ግን ማንበቡን ወደ ነገ ያስተላልፋል እንጂ አያስቀረውም።

በገበያ ቀን ወላጆቻችሁን ለመርዳት ወይም በሕመም ምክንያት ከክፍል የቀራችሁ እንደ ሆነ የጓደኛን ደብተር መዋስ የተለመደ ነው። ደብተሩን ተቀብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ባለቤቱን አጠገባችሁ አስቀምጡና ገጹን በቃሉ ያስረዳችሁ፤ እናንተም እየሰማችሁ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ። «ይህ ም/ት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁት እርሱም መልስ ያጣ እንደ ሆነ፣ በማግስቱ ሁለታችሁም አንድ ላይ ወደ መምህሩ ሂዱ።