ጠጅ በባኮ ለምን ቶሎ ይደርሳል?

ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ አምቦ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ትጠጋለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ3 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። ይህ ለሰው ትንሽ ቢመስልም ለጠጅ ጥንስስ ትንሽ አይደለም።

ጠጅ የሚፈላው በእሳት ሳይሆን በእርሾ ነው። ይህ በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር የማሩን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ አረፋውም የሚነሣው ከዚሁ ጋዝ ነው። ሙቀቱ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ የእርሾው ሥራ እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ ከ40 ሲያልፍ ይደክማል። ስለዚህ በሞቃት ስፍራ በ8 ቀን የሚደርሰው ጠጅ በብርድ አገር 15 ወይም 20 ቀን ቢፈጅ አያስደንቅም።

ነገር ግን ሙቀት የሚያነቃው እርሾውን ብቻ አይደለም። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም ሙቀት ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ አየር ካላገኙ አይሠሩም። ጥንስሱ በኃይል ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ይገፋዋል፤ አደጋው የሚመጣው አረፋው ከረገበ በኋላ ነው። እንግዲህ የአምቦን ቀን ቈጥሮ በባኮ ጋኑን የሚከፍት ሰው ያን ሁሉ ማር በኮምጣጤ ይለውጣል። ቀን ከመቍጠር ይልቅ አረፋውን መመልከት፥ ሲረግብም አጣርቶ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቶ መክደን ይሻላል እንላለን፤ ጋዙ ሳያልቅ አጥብቆ ማሸግ ግን ጋን ሊሰነጥቅ ይችላል።

መፍላቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ፥ ትልቅ ጋን ከትንሽ እንስራ ይበልጥ ይግላል። በአምቦ ክረምት ጥንስሱን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ይጠቅማል፤ በባኮ በጋ ጥላ ያለው ጓዳና በጋኑ ዙሪያ የተጠመጠመ እርጥብ ጆንያ ያስፈልጋል።