ለክረምት ሌሊት የሚበቃ ብርሃን

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የሚኖር አባወራ የፀሐይ ኃይል መብራት ሊያስገባ ወስኖ ወደ ባለሙያ ሲመጣ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ሶላር ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ገንዘቡ ከእህልና ከከብት ሽያጭ በብዙ ድካም የተጠራቀመ እንደ መሆኑ መጠን፣ መላሹ የሻጭነቱን ወገን ትቶ በአማካሪነት ኅሊና ሊመልስለት ይገባዋል። እኔም በዚህ ሙያ ስሠራ እንደ ተረዳሁት፣ የጥያቄው መልስ የሚገኘው ሌላ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ «ማታ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ? ልጆቹ የሚያጠኑት የት ነው? ደጁስ እስኪነጋ ይበራል?» ብሎ።

ሒሳቡ የሚጀመረው የእያንዳንዱን አምፖል ዋት በሚበራበት ሰዓት በማባዛት ነው። በእልፍኙ ባለ 7 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢበራ 28 ዋት-ሰዓት፣ በማድ ቤቱ ባለ 5 ዋት ለ3 ሰዓት ቢበራ 15፣ በጓዳው ባለ 3 ዋት ለ2 ሰዓት ቢበራ 6፣ በበረቱ ደጃፍ ደግሞ ሌላ ባለ 3 ዋት ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት ቢያድር 36 ዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ስልክ ለመሙላት 20 ቢታከልበት ድምሩ 105 ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጅብ በረቱን እንዳይደፍር ደጅ የሚያድረው ያ ደካማ አምፖል በእልፍኙ ካለው ከደማቁ ይልቅ አብዝቶ የሚበላ መሆኑ ነው። ስለዚህ የመብራትን ወጪ የሚመዝን ሰው ከድምቀቱ ይልቅ ቆይታውን አጥብቆ ይመርምር።

የሌሊቱ ርዝመት በሀገራችን ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው የፀሐይ ጸጋ ነው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለዓለም ጎብኚዎች ያስተዋወቁበት የ13 ወር ፀሐይ የሚለው መፈክር ለመንገደኛ መልካም ብሥራት ቢሆንም፣ የመብራትን ልክ ለሚያሰላ ባለሙያ የበለጠ የሚጠቅመው የሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን አከፋፈል ነው፤ እነርሱ ዓመቱን መፀው፣ በጋ፣ ፀደይና ክረምት ብለው በአራት ሲከፍሉ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ለይተው አስቀምጠውታልና። በደጋው አገር የበጋ ሰማይ በቀን ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ሙሉ ፀሐይ ሲሰጥ፣ ጉምና ዝናብ በሚበዛባቸው ቦታዎች በሐምሌና በነሐሴ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ሙሉ ፀሐይ ማለታችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት የሚያፈስሰውን ብርሃን ነው፤ በፓኔሉ ጀርባ የተጻፈው ዋትም የተለካው በዚሁ ብርሃን ነው።

ከፓኔሉ የወጣው ኃይል በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪው ውስጥ ሲያልፍ ከመቶ 30 ያህሉ ይባክናል ብለን ብንይዝ፣ ለ105 ዋት-ሰዓት ፍጆታ 150 ማመንጨት ግድ ይሆናል። ይህን ለበጋው 6 ሰዓት ብናካፍል 25 ዋት፣ ለክረምቱ 4 ሰዓት ብናካፍል 38 ዋት ያህል ይደርሳል። «እንግዲያው ባለ 40 ዋት ፓኔል ይበቃል» ብሎ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግን ከባድ ነገር ዘንግቷል። ባለ 40 ዋት በክረምት ቀን ለቤቱ የሚያደርሰው 112 ዋት-ሰዓት ስለ ሆነ፣ ከዕለቱ ፍጆታ የሚተርፈው 7 ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሦስት ቀን ፊቷን ብትሰውር በባትሪው ላይ 315 ዋት-ሰዓት ይጎድላል፤ ያንንም ጉድለት በየቀኑ 7 እየጨመሩ ለመሙላት 45 ቀን ያስፈልጋል፤ እስከዚያውም ሌላ ጉም ይመጣል። ባለ 80 ዋት ግን 224 ዋት-ሰዓት አድርሶ 119 ስለሚያተርፍ፣ ያንኑ ጉድለት በ3 ቀን ውስጥ ይሞላዋል።

ባትሪም የብርሃን ጎተራ ነውና እስከ ወለሉ ሊጠረግ አይገባውም። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባይወጣ ይመረጣል፤ ስለዚህ ለሦስት ጨለማ ቀናት የሚያስፈልገው 315 ዋት-ሰዓት 630 ይሆንና ለ12 ቮልት ሲካፈል 52.5 አምፔር-ሰዓት ስለሚወጣ ባለ 60 መግዛት ይገባል። የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ከመቶ 80 ድረስ ስለሚያወጣ ወደ 33 አምፔር-ሰዓት የሚሆነው ይበቃዋል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት በቀጭን ሰሌዳ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በየሌሊቱ ሲራቆት ፈጥኖ ይሞታል። ሳይሞላ የሚከርም የእርሳስ ባትሪም በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና መያዝ ያቅተዋል፤ ሰውም «ባትሪው ሐሰተኛ ነው» እያለ ይወቅሰዋል፤ የሞቱ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የፓኔሉ ማነስ ነው።

አተካከሉም ጥንቃቄ ይሻል። በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ በአብዛኛው ሀገራችን ወደ ሰሜን አልፋ ስለምትቆም፣ ወደ ደቡብ አብዝቶ የተጋደለ ፓኔል ብርሃን በጠበበት ወራት ራሱን ይነፍጋል፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል 10 ዲግሪ ገደማ ማጋደል ይበቃል። ሕዋሶቹ ተከታትለው የተያያዙ በመሆናቸው የአንድ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ የመላውን ፓኔል ኃይል ሊቀንስ ይችላል። በ12 ቮልት ሥርዓት በቀጭንና በረጅም ሽቦ 1 ቮልት መጥፋቱ ከመቶ 8 በላይ ማጣት ነውና ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን።

ገንዘብ ባነሰ ጊዜ መቀነስ የሚገባው የሌሊቱ ሸክም ነው፤ የደጁ መብራት በ5 ሰዓት ቢጠፋ ወይም አንድ አምፖል ቢቀር፣ የቀሩት ክረምቱን ሙሉ በታማኝነት ያበራሉ። ባትሪውን ወይም ፓኔሉን ቀንሶ አምፖል ማብዛት ግን ቤተሰቡን በነሐሴ ወደ ኩራዝና ወደ ላምባ ጢስ መመለስ ነው። ስለዚህ የምትገዙ ወገኖቼ፣ ሻጩን «ይህ ዕቃ በነሐሴ፣ ፀሐይ ሦስት ቀን ባትወጣ፣ ስንት ሰዓት ያበራልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት ተቀበሉ። በዚህ ሙያ የተሰማራችሁ ወጣቶችም ሒሳቡን በገዢው ፊት፣ በሚገባው ቋንቋ ሥሩለት፤ ይህን ማወቅ የድካሙ ዋጋ ነውና።